ሀዋሳ በበረደ ቀን ጋቢዬን የወሰደው ሰው

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ባለፈው እሑድ ጋቢዬን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ ጫፉ ላይ ያለችውን የተቃጠለች ቀዳዳ አዩና፣ ጣታቸውን እያሾለኩባት "እማማ፣ ይቺን ምን አቃጠላት?" አሉኝ። ሀዋሳ በበረደ ቀን ነው ብላቸው ሳቁብኝ። ሀዋሳ አይበርድም አሉ። እንግዲያው ከነመንገዱ ልንገራችሁ አልኩ። ትልቋ ደግሞ ጻፊው አለች። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ስለዚህ እንደማወራው እጽፈዋለሁ።

የሄድኩበት ጉዳይ ይሄ ነው። የልጄን ልጅ ምሕረትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከሀዋሳ ሽማግሌዎች ቡታጅራ ቤታችን ድረስ መጡ። ምሕረት ሀዋሳ ስትማር ነው ልጁን ያወቀችው። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመው ተናገሩ፦ ታሪኩ ይባላል፣ ዶሮ ያረባል፣ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ከሰው አይጣላም፤ እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተውበታል። እኔ ጥግ ተቀምጬ አደምጣለሁ። እንዲህ እንከን የሌለው ሰው ሲያመጡልኝ ሆዴ እሺ አይለኝም። ቤቱን ገብታችሁ አይታችሁታል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁለተኛው ጫማውን አየ። ሦስተኛው ግን እውነቱን ተናገረ፦

"እናታችን፣ እኛንም የሚያነጋግረን በር ላይ ነው። ወደ ውስጥ ሰው አያስገባም።"

በኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመጣ "እንመካከር፣ ተመለሱ" ይባላል። እስኪመለሱ የልጅቷ ወገን በስውር አንድ ሰው ይልካል። የተላከው ሰው ማንነቱን አይናገርም። ገበያተኛ ይመስላል፣ ቤት ተከራይ ይመስላል፣ ብቻ ሰውየውን፣ ቤቱንና ጎረቤቱን አይቶ ይመለሳል። አባት የሌለው፣ ወገን የማይቆጠርለት ሰው ሲሆን ደግሞ ይሄ ነገር ይጠነክራል። እግሬ ቤት ስለማይወድ እኔው ተላክሁ። ለምሕረት ሻሸመኔ ለቅሶ አለብኝ አልኳት። ቄብ ዶሮ ገዢ ልመስል አስቤ ባዶ ቅርጫት ይዤ፣ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

እስከ ዝዋይ

ከቡታጅራ በጠዋቱ ሚኒባስ ተነሳሁ። ረዳቱ ቅርጫቴን ከወንበር ሥር ወሸቃትና ለእሷም ካልከፈሉ አለኝ። ዶሮ ሲገባባት እከፍላለሁ አልኩት፤ ሰው ሳቀ፣ ተወኝ። ሀዋሳ ነው የምሄደው ስለው ደግሞ ጋቢዬን አየና፣ "እማማ፣ ሀዋሳ በጋቢ? እዚያ እኮ ሰው የሚውለው በከነቴራ ነው" አለ።

እውነቱን ነው፣ ሙቀት ነበር። ግን ደስ የሚል ሙቀት አልነበረም። መጋቢት ላይ ከዝናብ በፊት ትንሽ ነፋስ ይኖራል፤ ያን ቀን አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። ዝዋይ ስንደርስ ዓሣ ሻጮች በክር የተንጠለጠለ ዓሣ በመስኮቱ አስገቡብን። ጾም ነውና ፊቴን አዞርኩ። ከዝዋይ ወዲያ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ግራር ለግራር፣ የከሰል ጆንያ በተደረደረበት መንገድ ዳር ስንሄድ ፍየሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞረው ቆመው አየሁ። ምን እንዳዩ እንጃ። የሚያዩት በኩል ሰማዩ ንጹሕ ነበር።

አርሲ ነጌሌ ላይ አየሩ ተለወጠ። አንዴ እንደ ምድጃ ይሞቃል፣ አንዴ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቀዝቃዛ ነገር አንገቴ ላይ ያርፋል። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት መስኮት ዝጉ አለች፤ ሌላው በሙቀት ልንሞት ነው አትዝጉ አለ። እስከ ሻሸመኔ ሲከራከሩ ሄዱ። ሻሸመኔ መናኸሪያ ዳር ሽንኩርት ነጋዴዎቹ በጠራራ ፀሐይ ሸቀጣቸውን ላስቲክ ሲያለብሱ አየሁ። ነጋዴ ደግሞ በከንቱ አይደክምም።

አዲስ ከተማ፣ ከቀትር በኋላ

ሀዋሳ ስገባ በቀጥታ ሰውየው ቤት አልሄድኩም። መጀመሪያ አዲስ ከተማ ገበያ ገባሁ። ስለ ሰው የሚጠየቀው የሚያውቀውን፣ ግን የማይወደውንም የማይጠላውንም ሰው ነው። አንዲት እንቁላል ሻጭ አገኘሁ። ጥሩ ቄብ የት አገኛለሁ ብላት ሳልጠይቃት ስሙን አነሳች።

"ታሪኩ ጋ ይሂዱ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው። ዶሮው ጥሩ ነው።" ከዚያ ከንፈሯን መጠጥ አደረገች። "ሰውየው ግን..."

"ሰውየው ምን?"

"በሩን አይከፍትም። ስንት ጊዜ ስንገበያይ ውሃ እንኳ ግቢና ጠጪ ብሎኝ አያውቅም። ከደጅ ሰጥቶ ከደጅ ይሸኛል። ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ እሱ ይወቅ።"

ምሕረት ሞኝ አይደለችም፣ ግን ወዳዋለች፤ የወደደ ሰው ያልተከፈተለትን በር አይቆጥርም። የሽማግሌዎቹ መልስ ከእኔ አፍ ነው የሚጠበቀው። እሺ ብዬ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሚስት ብትገኝስ? እምቢ ብዬ ልጄን በከንቱ ባስለቅሳትስ?

ወደ ምሥራቅ የወሰደኝ የባጃጅ ሹፌር ከመንገዱ ይልቅ ሰማዩን ያይ ነበር። ከታቦር ተራራ ኋላ ደመና ተነስቷል፤ ላዩ ጥቁር፣ ታቹ ግን እንደ አመድ ነጭ። ከሐይቁ ዳር የማይጠፉት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ አንድ የፎቅ ጣሪያ ላይ ተደርድረው አንገታቸውን ቀብረዋል። ሹፌሩ እርስዎን አድርሼ ወደ ቤቴ ነኝ፣ ይሄ ደመና አላማረኝም አለኝ። እኔ ያላማረኝ ደመናው ብቻ አልነበረም።

ምሥራቅ

በሩን የከፈተው ራሱ ነው። ቀጭን ረጅም፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ባጣ ሰው ዓይን የቀላ። ገና ሰላም ሳንባባል መሬት ላይ የተዘረጋ እርጥብ ጆንያ አሳየኝና ጫማዬን እንድረግጥበት ለመነኝ። መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ረገጥኩ። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ፣ ቅርጫቴን አየ፣ ጋቢዬን አየ፣ እንደገና ፊቴን። ገዢን እንዲህ የሚያይ ነጋዴ አላውቅም።

"እናቴ፣ ከየት ነው የመጡት?"

"ከዝዋይ" አልኩ፣ ጆሮዬን እያሻሸሁ።

"ዝዋይ ዓሣው ዘንድሮ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ወፍሯል" አልኩት። በዕድሜዬ ዓሣ ገዝቼ አላውቅም።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንድ ነገር እየደበቀኝ ነው አልኩ በልቤ። ግቢው ውስጥ ከፊት ያለው ቤት የአከራይዋ ነው፤ በስተኋላ የእሱ ክፍል አለ፣ በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል። ከጎኑ የሽቦ ቤት ውስጥ ያደጉ ቄቦች ይታዩኛል። ልግባና ልምረጥ ብለው አይሆንም አለ፤ ራሱ ሁለት ይዞ መጣ። ቄቦቹ ግን የሚያማምሩ ነበሩ፣ አልዋሽም። ቅርጫቴ ውስጥ ሳስገባቸው ብርሃኑ ድንገት ሄደ።

ነፋሱ ነው የቀደመው። የአከራይዋን እንሰት ቅጠል ከላይ እስከ ታች ሰነጣጠቀው። የጎረቤት ቆርቆሮ ተነቅሎ አጥር ላይ ወደቀ። ከዚያ በረዶው መጣ፤ በፊት እንደ ባቄላ፣ በኋላ የእርግብ እንቁላል የሚያህል። መብራት ጠፋ። እኔ ብርድ አገር ያየሁ ሰው ነኝ፤ ግን እዚያው በቆምኩበት፣ በላብ የራሰ ቀሚሴ ቀዝቅዞ ጀርባዬ ላይ ሲለጠፍ እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። ባጃጅ የለ፣ መንገድ የለ፤ በሩ ፊት ለፊት ያለው ዛፍ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል።

አከራይዋ እትዬ ብርቱካን ይባላሉ፣ የሲዳማ ሴት ናቸው። በሲዳምኛ እየተቆጡ፣ በአማርኛ እየለመኑ ክንዴን ይዘው ቤታቸው አስገቡኝና እሳት ዳር አስቀመጡኝ። ወተት ሰጡኝ፤ ጾም ነው ብላቸው በእግዜር ቁጣ ቀንም ትጾሚያለሽ ወይ ብለው ሳቁ፣ ሻይ አፈሉልኝ። ወዲያው ታሪኩ በረዶው ውስጥ ሮጦ መጣ፤ ከነላስቲኩ ያለ አዲስ ወፍራም ብርድ ልብስ እግሬ ላይ ጣል አድርጎ ይሙቁ እናቴ አለኝና ወጣ። እትዬ ብርቱካን ለሰርጉ የገዛው ነው አሉኝ፤ ቡታጅራ አንዲት ልጅ አለች መሰለኝ፣ መልስ እየጠበቀ ነው። እኔ ሻዬን ፉት አልኩ። ልቤ ግን ትንሽ ለሰለሰ።

ሊመሽ ሲል ተመልሶ መጣ። ጃኬቱን አውልቆታል፤ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ብቻ በር ላይ ቆመ።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብርድ ልብሱን ልወስደው ነው።"

የራሱ ነውና ሰጠሁት። ተቀብሎ አልሄደም።

"ጋቢውንም።"

"የኔን?"

"የእርስዎን።"

"ለምን?"

"አሁን ላስረዳዎ ብቆም ይረፍድብኛል። ነገ ራሱን እመልስልዎታለሁ።"

አልተለማመጠኝም፣ አልቀለደም፣ ሰበብም አልፈጠረም። እጁን ዘርግቶ ቆመ። ከትከሻዬ አውልቄ ሰጠሁት፤ ለምን እንደሰጠሁት እስካሁን አላውቅም። የእትዬ ብርቱካንንም ከሰል እኩሌታውን በባልዲ ይዞ ሄደ። እሳቸው አልተቆጡም፤ ብርድ ሲመጣ ያብዳል፣ አመሉ ነው አሉና የራሳቸውን ፎጣ ደረቡልኝ። ሚስት አለው እንዴ ልላቸው አፌ ድረስ መጣ። ዶሮ ገዢ ይህን ያህል ከጠየቀ ይነቃበታል ብዬ ዋጥኩት።

በረዶው ጋብ ሲል በግድግዳው በኩል የታሪኩ ድምፅ ተሰማኝ። ቃሉ አይለይም፤ ዜማው ብቻ ነው የሚመጣው፣ የታመመ ሕፃን የሚያባብል ሰው ዜማ። ዝም ይላል፣ ይሄዳል፣ እንደገና ያባብላል። እንግዲህ ነገሩ ተገለጠልኝ አልኩ። ሰው አያስገባም፤ መስኮቱን ይሸፍናል፤ ብርድ ልብስ ይሰበስባል። ሚስት አለችው፣ ልጅም አለው። የኔን ምሕረት በልጅ ላይ ሊያመጣት ነው። ለቤተሰቡ የምናገረውን ቃል አንድ በአንድ እያዘጋጀሁ ተኛሁ።

በማግሥቱ

ጎሕ ሲቀድ ተነሳሁ። እንሰቱ ሥር በረዶው ሳይቀልጥ ነጭ ሆኖ አድሯል። ትንፋሼ ይታየኛል፤ ሀዋሳ ላይ። ወደ ኋላኛው ክፍል ሄድኩ። በሩ ከሰሉ እንዳያፍን ገርበብ ተደርጓል። ገፋ አድርጌ ገባሁ።

አልጋው ተነስቶ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ወለሉ ሁሉ ጭድ ነው። በካርቶን የታጠረ ክብ ላይ ያ የሰርግ ብርድ ልብስ፣ ጃኬቱና የኔ ጋቢ እንደ ድንኳን ተወጥረዋል፤ ዙሪያውን ፍም የያዙ ምድጃዎች፣ ሙቅ ውሃ የተሞሉ ጀሪካኖች። የጋቢዬ ጫፍ ወደ አንዱ ምድጃ ወርዶ ጠቁሯል። ሰውየው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቁጭ ብሎ፣ አንድ እጁ ድንኳኑ ውስጥ እንደገባ ተኝቷል። ጎንበስ ብዬ ጋቢዬን ገለጥ ባደርገው፣ ጫጩት። የአውራ ጣት የሚያህል፣ ቢጫ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ጫጩት፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ።

በኛ አገር ጫጩት እናት አላት። ዶሮዋ ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ሲበርድ ክንፏን ትዘረጋለች፣ ሰው ምንም አይጨነቅም። ያለ እናት ተፈልፍሎ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ጫጩት መኖሩን ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው። እናታቸው አምፖል ነበረች፤ እሷም ከመብራቱ ጋር ሄደች።

ነቃና አየኝ። እንደምን አደሩ አላለኝም።

"ጫማዎን! እናቴ፣ በጫማ ገቡ?"

ወደ ደጅ መልሶ ያንን እርጥብ ጆንያ ካስረገጠኝ በኋላ ነው የተነፈሰው። ፈንግል የሚሉት በሽታ በሰው ጫማ ይገባል፣ አንዴ ከገባ አንድ አይተርፍም አለኝ። ገበያ ለገበያ የሚዞር ሰው ሁሉ ያስፈራዋል፤ ሽማግሌም ቢሆን፣ እንቁላል ሻጭም ብትሆን። ለካ በሩ የተዘጋው ለዚህ ነው። እኔ ግን ተናድጃለሁ።

"ለጫጩት ብለህ አሮጊት ታስበርዳለህ?"

"እርስዎ እሳት ዳር ነበሩ፣ እትዬ ብርቱካንም አሉልዎ" አለ፣ ዓይኑን ሳይሰብር። "እነዚህ ማን አላቸው?"

ጥጉ ላይ በጆንያ የተሸፈኑ የሞቱ ነበሩ። በጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ኖራ አድርጎባቸው ቀበራቸው። የቀሩትን አርባ አምስት ቀን አሳድጎ ለሰፈሩ ሴቶች ያከፋፍላል፤ እነሱ እንቁላሉን ሸጠው ነው የሚኖሩት። ይሄንን የነገሩኝ እትዬ ብርቱካን ናቸው እንጂ እሱ አይደለም። መብራት እስኪመጣ የጋቢዬን አንድ ጫፍ ይዤ፣ እሱ ፍም ሲቀይር ጫጩቶቹን ስጠብቅ አረፈድኩ። ስንለያይ ጋቢዬን አራግፎ መለሰልኝ፣ ስለ ቀዳዳዋም ይቅርታ ጠየቀኝ። የቄቦቹን ዋጋ ግን አልቀነሰልኝም።

መልስ

ስመለስ ዛፎቹ እየተቆረጡ መንገዱ ይከፈት ነበር። የሻሸመኔ ሽንኩርት ላስቲክ ለብሶ ተርፏል። የከነቴራዋ ከተማ ሰው አንሶላም መጋረጃም ተከናንቦ መንገድ ላይ ይታያል። ዝዋይ ላይ ያው የትናንትናው ረዳት አገኘኝ፤ ፎጣ ተጠምጥሞ ጥርሱ ይንገጫገጫል። "እማማ፣ ጋቢዎን አያከራዩኝም?" አለኝ። ለቅርጫቴ ሳይጠይቀኝ ተቀመጥኩ። ጋቢዬ ጭስ ጭስና ዶሮ ዶሮ ይሸታል።

ቤት ስገባ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። የምሕረት አባት፣ ልጄ ማለት ነው፣ ምን አየሽ አለኝ።

"ጋቢዬን ወሰደብኝ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ስጡት።"

ግራ ገባቸው። አስረዳኋቸው፦ ከማያውቃት አሮጊት ላይ ጋቢ ሲወስድ ለማማር ብሎ አንድ ቃል አልዋሸም፤ ደካማው የቱ እንደሆነ አይቶ ለደካማው ሰጠ። የተዘጋ በር ሁሉ ኃጢአት እንደማይደብቅ ያስተማረኝ መንገድ እሱ ነው አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፣ እሺ ተባሉ።

ሆዴ ግን ሙሉ በሙሉ አላረፈም። በሰርጉ ቀን ጉልበቴን ሊስም ሲመጣ ዶሮ ገዢዋን አሮጊት አየና አልደነገጠም፤ ይሄንን ልብ አልኩ። ከዚያ በኋላ ለእኔ ያለው አክብሮት ልክ የለውም። እኔ ሳልቀመጥ አይቀመጥም፣ ሳልቀምስ አይቀምስም። እኔም ዓመት በዓመት ላይ ስጠረጥረው ኖርኩ። ያኔ ማንም ያልሆንኩ አሮጊት ነበርኩና ጋቢዬን ወሰደ። የሚስቱ አያት መሆኔን ቢያውቅ ኖሮ ይነካኝ ነበር? አይነካኝም፤ ጫጩቶቹ ይሞቱ ነበር፣ እኔም እሳት ዳር ጋቢ ደርቤ እመርቀው ነበር። ታዲያ እውነተኛው ሰው የቱ ነው እላለሁ።

ከዓመታት በኋላ የእነዚህ የጠየቁኝ ልጆች እናት ምሕረት ሦስተኛዋን ወልዳ ላርሳት ሀዋሳ ሄጄ፣ የዝዋይን ዓሣ ነገር ሳጫውታት ሳቋ አላስቆም አላት። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ባዶ የዶሮ ቅርጫት ይዞ አይወጣም አለችኝ። ያን ጠዋት ገና ከበራችን ሳልርቅ ደውላለት ነበር፦ አያቴ ዶሮ ገዢ መስላ እየመጣችብህ ነው፣ ነጭ ጋቢ ደርባለች፣ ስትዋሽ ጆሮዋን ታሻለች፤ እሺታው ያለው በእሷ አፍ ነውና ምንም ነገር እንዳታስከፋት።

እንግዲህ ያን ቀን በር ላይ ቆሞ "ጋቢውንም" ሲለኝ፣ ማን እንደሆንኩ ያውቅ ነበር።